ሰብሊሜሽን ማሽን ገዝቼ ጥቁር ጥጥ ላይ አልሠራ አለኝ፤ ዲቲኤፍ ልግዛ ወይ?

የፔዳ ሰፈር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ሱቅ ተከራይቼ ኅትመት ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ያለኝ ሰብሊሜሽን ቀለም የተሞላ ባለ 4 ቀለም ኢፕሰን፣ 38 በ38 ሴንቲ ሜትር ሂት ፕሬስ (ጨርቅ ላይ በሙቀት የሚጫነው) እና የማግ (የኩባያ) ማሽን ነው። የሸጠልኝ ሰው "ምንም ላይ ይሠራልሻል" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ማጉ ምንም አይልም፤ 180 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ አካባቢ ስተወው ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ጉድ የሠራኝ ቲሸርቱ ነው። አንዲት እናት ነጭ የጥጥ ቲሸርት ላይ የልጇን ፎቶ አሳተመች፣ ገና ሲወጣም ደብዘዝ ያለ ነበር፣ በሳምንቱ አጥባው ይዛ መጣች፤ የልጁ ፊት የለም! ቅንድቡና የኮፍያው ጥላ ብቻ ቀርቷል። አፍሬ ብሯን መለስኩላት።

አሁን ደግሞ የጂሲ (ተመራቂ) ልጆች 80 ጥቁር ቲሸርት ራሳቸው ገዝተው ሊያመጡ ነው። ከፊት የዲፓርትመንቱ አርማ፣ ከኋላ የሁሉም ስም፣ ሁለቱም በነጭ። የእቁብ እጣዬ ወጥቶልኛል። ዲቲኤፍ ማሽን፣ ያ መጀመሪያ ፊልም ላይ የሚታተምበትና ከዚያ በፕሬስ ጨርቅ ላይ የሚለጠፈው፣ ልግዛበት?

ሦስት ማሽን የቀበረ፦
እህቴ፣ እቁቡን አትንኪው።

መጀመሪያ የደረሰብሽን ላስረዳሽ። የሰብሊሜሽን ቀለም ሲሞቅ ጋዝ ሆኖ ፖሊስተር ክር ውስጥ ይገባል። ጥጥ አይቀበለውም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ይሄዳል። ነጭ ቀለም የሚባል ደግሞ የለውም፣ ስለዚህ ጥቁር ጨርቅ ላይ ምንም አይታይም። የሸጠልሽ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ለወደፊቱ ቲሸርት ሲመጣልሽ ከውስጥ ስፌቱ በኩል አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጫፉ ላይ ዶቃ ይሠራል።

ዲቲኤፍ ጥጥም ፖሊስተርም ላይ ይሠራል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ነጩ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት፣ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል። በየቀኑ ካልሠራሽበት ሄዱን (ቀለም የሚረጨውን ክፍል) ይደፍነዋል። እኔ የተቀየረ ኢፕሰን ኤል 1800 ገዝቼ ከጥምቀት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሳምንት ዘግቼው አገር ቤት ሄድኩ፣ ስመለስ ነጩ አልወጣ አለ፣ ማጠቢያ ፈሳሽ አፈሰስኩ፣ ለመንኩት፣ በመጨረሻ ሄዱን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ የታተመ ፊልም በሜትር ከአዲስ አበባ አዝዤ በአውቶቡስ ይመጣልኛል። አንቺ ፕሬስ አለሽ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።

ዲዛይኑን አጠጋግተሽ ደርድሪው። በ60 ሴንቲ ሜትር ፊልም ላይ የሚታተመው ስፋት 58 ገደማ ነው። 28 በ38 የሆነ የጀርባ ጽሑፍ በአንድ ሜትር 4 ይገባል፣ ከታች በሚተርፈው ቦታ ላይ 10 በ10 የሆነ የደረት አርማ 10 ታስገቢያለሽ። ባዶ ፊልምም ያው በሜትር ነው የሚከፈልበት።

ስኪጂ በእጄ፦
ኧረ ሦስት ማሽን የቀበረው፣ ምክርህ ጥሩ ነው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። 80 ቲሸርት፣ አንድ ዲዛይን፣ አንድ ቀለም! በአንተው ሒሳብ ለጀርባው ብቻ 20 ሜትር ፊልም ነው። ይሄ የስክሪን ሥራ ነው፣ ቀለሙን በተወጠረ መረብ እያሳለፉ ማተም ማለቴ ነው። ሁለት ፍሬም፣ ኢመልሽን (ዲዛይኑን መረቡ ላይ የሚያወጣው ፈሳሽ)፣ ስኪጂ (ቀለሙን የምትስቢበት ጎማ) እና ነጭ ቀለም ይበቃል። ጥቁር ላይ ነጩን አንዴ ስበሽ አትተዪው፣ በከፊል አድርቀሽ ደግመሽ ሳቢ፣ ካልሆነ ግራጫ ይሆንብሻል። ፕላስቲሶል (በሙቀት የሚበስለውን ቀለም) ከተጠቀምሽ 160 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይበስልም። በእጅ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል።

አስቸጋሪው የስሞቹ ዝርዝር ነው። በአማርኛ ከሆነ ፊደሉን አታሳንሺው። እኔ አንዴ ቀዳዳው ሰፋ ባለ በ43 መረብ (በሴንቲ ሜትር 43 ክር) ደቃቅ ስም አትሜ "ጨ" እግሮቹ ተያይዘው ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ጠበቅ ያለውን 77 መረብ ውሰጂ። መሥራት ካልፈለግሽ ለሚሠራ ሰው ስጪና አንቺ መሐል ላይ ትርፍሽን ያዢ፣ ነውር የለውም።

ቀበሌ 14፦
ስለ መብራት ማንም አላነሳም። የ38 በ38 ፕሬስ 1800 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ነው። ጎረቤትሽ እንጀራ የምትጋግር ከሆነችና በአንድ መስመር ከሆናችሁ፣ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። እኔ ከጎረቤቴ ጋር ሰዓት ተከፋፍለናል።

ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ሐይቁ ዳር ቲሸርቱ ራሱ እርጥበት ይይዛል። ፊልሙን ከማስቀመጥሽ በፊት ባዶውን ለ5 ሰከንድ ተጫኚው፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ታዪዋለሽ።

የፔዳ ሰፈር ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ልጆቹ ዛሬ ናሙና አመጡ፣ "100 ፐርሰንት ጥጥ ነው" ብለው። ክር መዝዤ ለኮስኩት። ግማሹ አመድ ሆነ፣ ጫፉ ላይ ግን ትንሽ ጥቁር ዶቃ ቀረች። ቅልቅል ነው ማለት ነው? ስክሪኑን ለሚሠራ ሰው ልሰጥ ወስኜ ነበር።

ስኪጂ በእጄ፦
አዎ ቅልቅል ነው። ስጪ፣ ግን ለሚሠራልሽ ሰው አስቀድመሽ ንገሪው፣ ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የራሱን ቀለም ወደ ነጩ ይለቃል። አንድ ቲሸርት ብቻ ይሥራ፣ አንድ ቀን አሳድረሽ ሁለቴ እጠቢው። 79ኙ እስከዚያ ከፌስታሉ አይውጣ።