የድርጅታችንን የዳታ ካታሎግ በሥራ ዘርፍ ለማደራጀት ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ከአዘዞ፣ የንግድ ድርጅት የዳታ ባለሙያ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮች፣ ጎንደር በሚገኝ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ የዳታውን ሥራ ብቻዬን የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ድርጅታችን ከመተማና ከቋራ አካባቢ ሰሊጥ ይገዛል፣ አዘዞ ባለው መጋዘን ያበጥራል፣ ወደ ውጭም ይልካል፤ ከዚህ ሌላ የራሱ የጭነት መኪናዎችና ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንድ የጅምላ መደብር አሉት። በእጄ ያሉት ሠንጠረዦችና የኤክሴል ፋይሎች ወደ 140 ይጠጋሉ። የትኛው ዳታ የት እንዳለ፣ ምን ማለት እንደሆነና ማንን መጠየቅ እንደሚገባ የሚያሳይ ካታሎግ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም አልሠመሩልኝም።

መጀመሪያ በሲስተም ከፋፈልኩት፤ «ፒችትሪ» (የሒሳብ ሶፍትዌራችን)፣ «የመጋዘን ሲስተም»፣ «ኤክሴል» የሚሉ ሦስት ክፍሎች ነበሩት። የግዥ ሠራተኛው የአቅራቢዎችን ዝርዝር ሲፈልግ ከሦስቱ በየትኛው ውስጥ እንዳለ ማወቅ ስላልቻለ እንደ ቀድሞው ስልክ ደውሎ ይጠይቀኝ ጀመር። ቀጥዬ በድርጅቱ መዋቅር መሠረት በየመምሪያው ከፋፈልኩት፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ግን የስምሪትና የግዥ መምሪያዎች ተዋሕደው አንድ ሆኑና ግማሹ ካታሎግ ትርጉም አጣ። አሁን በሥራ ዘርፍ ላደራጀው አስቤያለሁ። ዘርፎቹን በምን መለኪያ ልለያቸው? ስንት ቢሆኑ ይበቃሉ? እንደ «ደንበኛ» ያሉ፣ ሁሉም የሚጠቀምባቸው ሠንጠረዦች በየትኛው ዘርፍ ሥር ይግቡ? በተጨማሪም «ክብደት» የሚል ዓምድ በሦስት ሠንጠረዦች ውስጥ አለ፤ ሦስቱም ለአንድ ጭነት የተለያየ ቁጥር ስለሚያሳዩ የትኛውን ትክክለኛ ብዬ እንደምመዘግብ ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ከማራኪ፣ ቀድሞ በባንክ የዳታ አስተዳደር ላይ የሠሩ

እኅታችን፣ ሁለተኛው ሙከራዎ የከሸፈበት ምክንያት መምሪያና የሥራ ዘርፍ አንድ ስላልሆኑ ነው። መምሪያ ሰዎች ለማን ሪፖርት እንደሚያደርጉ ያሳያል፤ የሥራ ዘርፍ ግን ድርጅቱ ገቢ ለማግኘት የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው። መምሪያዎች ቢዋሐዱም ሰሊጥ መግዛትና መኪና ማሠማራት እንደ ቀድሞው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ይቀጥላሉ።

ስለዚህ የድርጅቱን መዋቅር ትተው አንድ ኩንታል ሰሊጥ ይከተሉ። ከገበሬው እጅ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ የሽያጩ ገንዘብ ባንክ እስኪገባ ድረስ በየደረጃው ማን እንደሚመዘግበውና ማን እንደሚወስንበት በወረቀት ላይ ይጻፉ። ኃላፊነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ቦታ ሁሉ የዘርፍ ድንበር ነው። ከገለጹት በመነሣት እኔ የምገምታቸው ዘርፎች አቅራቢና ግዥ፣ መጋዘንና ብጠራ፣ ትራንስፖርት፣ የውጭ ሽያጭ፣ የአገር ውስጥ የጅምላ ሽያጭ፣ ፋይናንስ እና የሰው ኃይል ናቸው። ለእናንተ መጠን ሰባት ዘርፍ በቂ ነው። ንዑስ ዘርፍ ለመክፈት አይቸኩሉ፤ እኔ በሠራሁበት ቦታ መጀመሪያ ላይ እስከ አራት ደረጃ ድረስ ከፋፍለን ሰው እየጠፋበት ተቸግረን ስለነበር ኋላ አብዛኛውን አፍርሰነዋል።

ዘርፉ በትክክል መለየቱን የምፈትንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ቁጥር ልክ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ወይም አይደለም ብሎ የመመለስ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስም መጥራት ይቻላል? የሚጠራ ሰው ከሌለ ዘርፉ ገና አልተለየም። ሁለት ሰዎች ከተጠሩና ከተከራከሩ ደግሞ ምናልባት ሁለት ዘርፎች ተደባልቀዋል።

መልስ፦ ከፒያሳ፣ የሒሳብ ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው የጋራ ሠንጠረዦችን በተመለከተ ነው። ፒችትሪ ውስጥ ያለ ሁሉ የፋይናንስ ይመስለናል፤ ነገር ግን በዚያው ሲስተም ውስጥ የአቅራቢዎች ዝርዝር፣ የዕቃ ዝርዝርና የደመወዝ መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአቅራቢው ዝርዝር የግዥ፣ የዕቃው የመጋዘን፣ ደመወዙ የሰው ኃይል ነው። ፋይናንስ በሁሉም ይጠቀማል፤ የሒሳብ መደቦቹና የክፍያ መዝገቡ ግን የራሱ ናቸው።

የምከተለው ደንብ የሚከተለው ነው። ሠንጠረዡ የሚመዘገበው ዳታው በሚወለድበትና ስሕተት ሲገኝ በሚታረምበት ዘርፍ ሥር ነው። የአንድ አቅራቢ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢሳሳት ተነሥቶ ወደ አቅራቢው የሚደውለው ማን ነው? የግዥ ሠራተኛው ከሆነ ባለቤቱ ግዥ ነው፤ ያ ቁጥር በየወሩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት የሚያስፈልገው ፋይናንስን ቢሆንም እንኳ ባለቤትነቱ አይለወጥም። አንድ ሠንጠረዥ አንድ ቤት ብቻ ይኑረው፤ የሚጠቀሙበት ሌሎች ዘርፎች በመግለጫው ላይ ይጻፉ። በነፃ ከሚገኙት የካታሎግ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ዳታሀብም የተሠራው በዚህ አስተሳሰብ ነው፤ አንድ ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ በአንድ ዘርፍ ሥር ብቻ እንዲገባ ሲያደርግ መለያዎችንና የቃላት ፍቺዎችን ግን የፈለጉትን ያህል መለጠፍ ይቻላል።

ጠያቂዋ

እጅግ አመሰግናለሁ። የአቅራቢው ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። «ደንበኛ» ግን አሁንም አስቸግሮኛል፤ የውጭ ገዢዎችና የጅምላ መደብሩ ደንበኞች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ የሚያርሟቸውም ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያው

እንግዲያው ካታሎጉ እውነተኛውን ችግር አሳይቶዎታል ማለት ነው። ሠንጠረዡ እስኪከፈል ድረስ በብዛት በሚያርመው ዘርፍ ሥር አስመዝግበው የሁለተኛውን ዘርፍ ተጠሪ ስም በመግለጫው ላይ ይጻፉ። «የጋራ» የሚል ስምንተኛ ዘርፍ እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ፤ በዚያ የሚገባው ዳታ ጠያቂ የሌለው ይሆናል።

መልስ፦ ከመተማ፣ የመጋዘን ኃላፊ

የዳታ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለ ክብደት ግን ለብዙ ዓመታት ሚዛን አጠገብ ቆሜ ያየሁትን እነግርዎታለሁ። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድ መሆኑ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው በግዥ ጣቢያ ከገበሬው ላይ ስንረከብ የመዘንነው ነው። ሁለተኛው ጭነቱ አዘዞ ሲደርስ በመጋዘኑ ሚዛን የተመዘነው ሲሆን በመንገድ ላይ የሚፈስሰውና እርጥበቱ ሲተን የሚጎድለው እንዲሁም የሁለቱ ሚዛኖች ልዩነት ይታይበታል። ሦስተኛው ከተበጠረ በኋላ አፈር፣ ገለባና ሌላ ባዕድ ነገር ወጥቶለት የቀረው ነው። ገበሬው የሚከፈለው በመጀመሪያው፣ የመኪናው ሹፌር የሚጠየቀው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ባለው ልዩነት፣ የውጭ ገዢው የሚከፍለው ደግሞ በሦስተኛው ነው።

ይህን የምጽፈው በደረሰብኝ ነገር ምክንያት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ ዋናው መሥሪያ ቤት የግዥውን ክብደት ከተበጠረው ክብደት ጋር አስተያይቶ «ኩንታል ጎድሏል» በማለት ሁለት የመጋዘን ሠራተኞችን ከሥራ አገደ። የጎደለው ግን ከብጠራው የወጣው ቆሻሻ ነበር፤ በጆንያ ተሞልቶ መጋዘኑ ጀርባ ተደርድሮ ተገኘ። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ልጅ ቅንና ታታሪ ሰው ነበር፤ ያየው ግን «ክብደት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ «የግዥ ክብደት»፣ «የመጋዘን መግቢያ ክብደት»፣ «ከብጠራ በኋላ ክብደት» ብለው ሦስት ስም ያውጡላቸው። የተመዘነው ከነጆንያው መሆን አለመሆኑንም ይጻፉ፤ ይህን መጻፍ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

መልስ፦ የቀድሞው የባንክ ባለሙያ

የመጋዘን ኃላፊው የተናገሩት የቃላት ፍቺ መዝገብ የሚባለውን ነው፤ የካታሎጉ ልብም እርሱ ነው። ዘርፍ ዳታው የማን እንደሆነ ይነግረናል፤ የቃላት ፍቺ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ። ሁለቱ ተለይተው ይያዙ። እያንዳንዱ ፍቺ የሚጸድቀው በዘርፉ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ የክብደቶቹን ፍቺ እርስዎ ቢሮ ተቀምጠው ከመጻፍዎ በፊት ሚዛኑ ዘንድ ይሂዱ።

መልስ፦ ከአራዳ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ

በእኛ አገር ካታሎግ ላይ የማይቀሩ ሁለት ነገሮችን ልጨምር። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። በአንድ ዓምድ ውስጥ 2017-05-03 የሚል ቀን ቢያገኙ በእኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 2017 ነው፤ በአውሮፓውያን ከተነበበ ግን ሜይ 3 ቀን 2017 ይሆናል፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አለ። ሁለቱም ትክክለኛ ቀን ስለሚመስሉ ዳታቤዙ አያስጠነቅቅም። የሚያስጠነቅቀው እንደ ጥቅምት 30 (02-30) ያለ በአውሮፓውያን የሌለ ቀን ወይም ጳጉሜን ሲመጣ ነው፤ ጳጉሜን ሲሆን 13ኛ ወር ስለማይቀበል መዝጋቢው ወደ ነሐሴ ይገፋዋል ወይም ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስገባዋል። እያንዳንዱ የቀን ዓምድ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ በመግለጫው ላይ የግድ ይጻፍ። «የበጀት ዓመት» የሚለውም ፍቺ ይፈልጋል፤ ሐምሌ 1 የሚጀምረው ነው ወይስ የውጭ ገዢው ጃንዋሪ 1 የሚጀምረው?

ሁለተኛው ፊደል ነው። አንዱ «ሠራተኛ» ብሎ ሲመዘግብ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ ይፈልጋል፤ ካታሎጉም «ምንም አልተገኘም» ይለዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጠሩ ማድረግ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ካልፈቀደልዎ ሌላውን አጻጻፍ በተለዋጭ ስምነት ይመዝግቡት። የአቅራቢዎች ዝርዝርዎንም በዚህ ዓይን ይፈትሹት፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ተብሎ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ገበሬ እንደሚያገኙ አልጠራጠርም።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ስለ ዘርፍ ሲያነቡ «ዳታ ሜሽ» የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዣማክ ደህጋኒ ያቀረበችውን አሠራር ያገኛሉ። እያንዳንዱ ዘርፍ ዳታውን ራሱ አዘጋጅቶ ለሌሎች እንዲያቀርብ የሚጠይቅ በመሆኑ በየዘርፉ ባለሙያ ላላቸው ትላልቅ ድርጅቶች ይስማማል። ብቻዎን ለሚሠሩት ለእርስዎ ግን ከእርሱ የሚጠቅመው የባለቤትነቱ ሐሳብ ነው፤ ሌላው ለጊዜው ይቆይ።

መልስ፦ ከቀበሌ 18፣ የሕግ አማካሪ

በአጭሩ፣ የገበሬዎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ያሉባቸውን ዓምዶች ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ድርጅቱ የሰዎችን ዳታ ለምን ዓላማ እንደሚይዝ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ይህ ምልክት ከዘርፉ የተለየ ይሁን፤ በግዥ ዘርፍ ሥር መሆን ማለት የግዥ ሠራተኛ ሁሉ ሊያየው ይገባል ማለት አይደለም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ከመጋዘንና ብጠራ ዘርፍ ጀመርኩ፤ 23 ሠንጠረዦች አሉት። የመጋዘን ኃላፊያችን ዘንድ ሄጄ ግማሽ ቀን ሚዛኑ አጠገብ ዋልኩ፤ ሦስቱን ክብደቶች ስጠይቃቸው አራተኛ እንዳለም ነገሩኝ፤ ለናሙና ተወስዶ የማይመለሰው ሰሊጥ ነው፤ እስከ ዛሬ በደብተር እንጂ በየትኛውም ሲስተም አልተመዘገበም። አራቱንም በራሳቸው አነጋገር ፍቺ ጽፈን እርሳቸው ፈርመውበታል፤ የዘርፉ ባለቤትም እርሳቸው ሆነዋል። በአቅራቢዎች ዝርዝር ላይ የፊደሉን ምርመራ ባደርግ አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ የግዥ ሠራተኛው ደውሎለት ሦስቱም እርሱ መሆኑን አረጋግጧል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ግዥ ዘርፍ እገባለሁ።