ለ60 ሊትር የዓሣ ገንዳ ስንት ዋት ማሞቂያ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፤ የኅዳር ሌሊት እንጦጦ ሥር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሳሎን ያለው ባለ 60 ሊትር ገንዳዬ ማለዳ ሲለካ 17 ዲግሪ ያሳያል፤ ጉፒ ዓሣዎቼ ታች ጥግ ላይ ተጠጋግተው አይንቀሳቀሱም። ሻጩ «50 ዋት ይበቃሃል» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አትመነው ወንድሜ። ለ1 ሊትር 1 ዋት የሚባለው ስሌት ሞቅ ላለ ክፍል ነው። አንተ ውኃውን በ8 ዲግሪ ከፍ ማድረግ አለብህ፤ ስለዚህ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲደርስ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ያለው ባለ 100 ዋት ግዛ። 25 ላይ ይሁን፤ ግን በአንድ ሌሊት አታድርሰው፣ ዓሣዎቹ ይደነግጣሉ። ቴርሞሜትር ለብቻው ይኑርህ፤ የማሞቂያው ቁጥር ይዋሻል።

መልስ፦ ውኃ ስትቀይር መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው! እኔ ረስቼ ውኃው ጎደለ፤ የጋለው የማሞቂያው መስታወት ቀዝቃዛው ውኃ ሲነካው ተሰነጠቀ። ደግነቱ እጄን አልከተትሁም ነበር።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልለው፤ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተው። ባለቤቴ አሁንም ስለ ጋቢው ይቅር አላለችኝም።