ሶላሪስ 8 ላይ ጂሲሲ አልሠራ አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤት ሊያስወግዳት ሲል ለምኜ የወሰድኳት ሰን አልትራ 5 ኮምፒውተር አለችኝ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣች ስፓርክ የሚባለው የሰን ፕሮሰሰር ያለባት ማሽን ናት። ሶላሪስ 8 የሚባለው የሰን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጭኖባታል። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ልማርባት ብዬ «ሲሲ» (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው የኮምፓይለሩ ትእዛዝ) ስላት፣ የቋንቋው ሶፍትዌር አልተጫነም የሚል መልእክት ታወጣለች። ስለዚህ ጂሲሲ 3.4.6 የሚባለውን ነፃ ኮምፓይለር ፓኬጅ አውርጄ ፓኬጅ በሚጭነው «ፒኬጂአድ» ትእዛዝ ጫንኩ። ያለ ችግር አለቀ። ስጠራው ግን «ጂሲሲ፦ ኖት ፋውንድ» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩ። ምን አጎደልኩ?

ፕሮግራመሯ፦
አይዞህ፣ ብዙ አልቀረህም። ያ «ሲሲ» ኮምፓይለር አይደለም። እውነተኛውን ፈልጎ ሲያጣ ያንን መልእክት የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት ነው። ከሶላሪስ በፊት በነበረው በሰንኦኤስ 4 ጊዜ ኮምፓይለሩ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከሶላሪስ 2 ወዲህ ለብቻው የሚሸጥ ሆነ።
ጂሲሲህ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ተቀምጧል፣ ትእዛዝህን የሚቀበለው ሼል ግን እዚያ አይፈልግም። ፓዝህ ላይ (ሼሉ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) እሱንም /ዩኤስአር/ሲሲኤስ/ቢንንም ጨምር። የኮምፓይለሩን ሥራ የሚጨርሱት አሴምብለሩና ሊንከሩ ያሉት ሁለተኛው ውስጥ ነው። /ዩኤስአር/ዩሲቢ ካለ ወደ መጨረሻው አውርደው፤ ያ ስክሪፕት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ እህቴ፣ አሁን ጂሲሲ መለሰልኝ። ኮምፓይል ስል ግን «ሊብአይኮንቭ» መክፈት አልተቻለም ብሎ ይቆማል።

ሌላ አባል፦
ሊብአይኮንቭ ጂሲሲ የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ሲሆን ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው፣ እሱንም ጫን። ከዚያ በ«ሲአርኤልኢ» ትእዛዝ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብን የላይብረሪ መፈለጊያ አድርገው።

የቀድሞ ሲስተም አድሚን፦
ልጄ፣ ይህን ከማድረግህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። በ«ሲአርኤልኢ» አዲስ መንገድ ስትሰጥ /ዩኤስአር/ሊብንም አብረህ መጻፍ አለብህ። የምትሰጠው ዝርዝር የድሮውን ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም። ከረሳኸው ፋይሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ አይነሣም። እኔ አንድ ጊዜ በሥራ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ያን ቀን ያላበኝን አልረሳውም። እንዲያ ከሆነብህ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚባለውን የሼል ቅንብር /ዩኤስአር/ሊብ አድርገህ /ቫር/ኤልዲ/ኤልዲ.ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል አጥፋ። ማሽኑ ወደነበረበት ይመለሳል።
ቀጥሎ ደግሞ «ኤስቲዲአይኦ.ኤች» የሚባለው ሄደር ፋይል (ኮድህ የላይብረሪ ተግባራትን የሚያውቅበት) የለም ሊልህ ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የጂሲሲ አይደለም። ሶላሪስ ሲጫን «ዴቨሎፐር» ሳይሆን «ኤንድ ዩዘር» ተመርጦ ከነበረ ሄደር ፋይሎቹ አልገቡም። የሰን ፓኬጆች ስማቸው በኤስዩኤንደብሊው ይጀምራል። መጨረሻቸው ኤችኢኤ፣ ኤአርሲ፣ ቢቱል፣ ስፕሮት እና ቱ የሚሉትን መጫናቸውን አንድ በአንድ በ«ፒኬጂኢንፎ» እያቸው። የጎደለውን ከሶላሪስ 8 ሲዲዎች፣ «ፕሮዳክት» ከሚለው ፎልደር በ«ፒኬጂአድ» ጫን። ከሌላ ስሪት ሲዲ ግን አታምጣ፤ ሄደሮቹ አይገጥሙም።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዳሉት ነው፤ ኤችኢኤ እና ኤአርሲ አልነበሩም። ሁለቱን ስጨምር «ሄሎ» የምትለው ፕሮግራሜ ሠራች። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። አሁን አዲሱን ጂሲሲ ከምንጭ ኮዱ ልሥራ ብል ይሆናል?

ፕሮግራመሯ፦
ሶላሪስ 8 ከጂሲሲ 4.8 ጀምሮ ተቀባይነት አጥቷል፣ ስለዚህ ከ4.7 በላይ አትሞክር። የታሸገውን ኮድ በጂኤንዩ ታር ፍታው፤ የሶላሪሱ ታር ረጃጅም የፋይል ስሞች ላይ ይሳሳታል። ኮዱን ለማሽንህ የሚያዘጋጀውን ኮንፊገር ስታስኬድ ኮንፊግ_ሼልን /ቢን/ኬኤስኤች አድርገው፣ በተራው ሼል በጣም ይንቀራፈፋል። /ቲኤምፒ ሜሞሪህን ስለሚበላ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ወደ /ቫር/ቲኤምፒ ላካቸው።

የቀድሞ ሲስተም አድሚን፦
ከመጀመርህ በፊት «ዴት» ብለህ ቀኑን እይ። የእነዚህ ማሽኖች ሰዓት ባትሪው የማሽኑን ቅንብሮች በሚይዘው ኤንቪራም ቺፕ ውስጥ ነው፤ በዚህ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል። ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ኮዱን የሚገነባው «ሜክ» የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ይምታታበታል። አስተካክለውና ማታ አስጀምረህ ተኛ፤ ጠዋት ታየዋለህ።