የፍጥነት ሴንሰሩ ተቀይሮም መኪናዬ ዳገት ላይ ትለግማለች፤ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ላስወርድ ወይ?

የዳገት ሾፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ2007 ሞዴል የቤት መኪና አለችኝ፤ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ በፊት ጎማ የምትሳብ። ደህና እየሄደች ሳለ በድንገት ትለግምብኛለች። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ሞተሩ ከ3000 ዙር አያልፍም፣ እሷም ከ50 እና 60 ወዲያ ንቅንቅ አትልም። ቼክ ኢንጂን ይበራል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልነካት ሆና ትሄዳለች፤ መብራቱ ብቻ እንደበራ ይቀራል። በቀን ሦስት ጊዜ የምታደርግበት አለ፣ ሳምንት ሙሉ ዝም የምትልበትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ፣ ወይም ሌላ መኪና ልቀድም ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ነው።

በኮምፒውተር ስትታይ ፒ 0500 አወጣች። የፍጥነት ሴንሰር ነው ተባለ፣ ተቀየረ። ዘጠኝ ቀን ሰላም ሆንን። በአሥረኛው ቀን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከኋላዬ እየመጣ መሃል መንገድ ላይ ለገመች። ኮዱ ያው ነው። አሁን ደግሞ "እንግዲያው ካምቢዮው ነው፣ ይውረድ" እየተባልኩ ነው። ከማስወረዴ በፊት ይህ የደረሰበት ሰው ካለ ቢመክረኝ።

ፍሬቻ፦

ወንድሜ፣ የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ አትድከም። የኔዋም ልክ እንዲህ ዳገት ስታይ ነበር የምትሞተው። ሁለት ሴንሰር ከቀየርኩ በኋላ ፓምፑና ፊልትሮው ሲቀየሩ ችግሩ አለቀ።

ቦቢና፦

ባትሪውን ለ15 ደቂቃ ንቀልና መልሰህ ግጠም። ኮምፒውተሩ ራሱን ያስተካክላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የዳገት ሾፌር፦

እህት ነኝ፤ ምንም አይደል። ፍሬቻ፣ ያንተዋ ስትለግም አጥፍተህ ስታስነሳት ወዲያው ትድን ነበር?

ፍሬቻ፦

ይቅርታ እህቴ። ወዲያውማ አትድንም ነበር፤ ትንሽ ማረፍ አለባት። ዙሩም ይንተፋተፋል።

ጋሼ ማርሽ፦

ልጄ፣ ባትሪውን እንዳትነቅዪ። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍጥነቱን፣ ዙሩን፣ የሞተሩን ሙቀት። ባትሪ ሲነቀል ያ ሁሉ ይጠፋል። ሌባው ዱካውን ትቶ ሄዶ ባለቤቱ ቤቱን እንደ መጥረግ ነው።

አሁን ሦስት ነገር ንገሪኝ። ስትለግም የፍጥነት ቀስቱ ምን ያደርጋል? መኪናዋ በዘገየች ልክ ቀስ እያለ ይወርዳል ወይስ እሷ ገና እየሮጠች እሱ ብቻውን ዜሮ ላይ ይወድቃል? ከለገመች በኋላ ማርሽ ትቀይራለች ወይስ አንዱ ላይ ተይዛ ትቀራለች? ሦስተኛው፣ ይህ ከመጀመሩ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ያስገባ ሰው ነበር? የማያገናኝ ቢመስልሽም ንገሪኝ።

የዳገት ሾፌር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ታናሽ ወንድሜን ጎኔ አስቀምጬ ዓይኑን ከቀስቱ ላይ እንዳይነቅል አደረግሁ። 70 እየሄድን ዳገቱን ስጀምር ቀስቱ ዱብ ብሎ ዜሮ ላይ ወደቀ። መኪናዋ ግን ገና እየሮጠች ነበር! ከዚያ ግጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ለገመች። ማርሽም አልቀየረችም። ኮዱ ጋር የተቀመጠውን መረጃ አስነብቤዋለሁ፦ ፍጥነት 0፣ ዙር 2640፣ የውሃ ሙቀት 91።

ከዚያ በፊት የተሠራው የሞተር መቀመጫ ጎማ ብቻ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ተቀየረ፤ መለገሙ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል። ግን ይህ ከፍጥነት ሴንሰር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጋሼ ማርሽ፦

ያገናኘዋል እንጂ።

መጀመሪያ የፍሬቻን ነገር ልጨርስ። የተናገረው ውሸት አይደለም፤ ፓምፕ ሲደክም መኪና ዳገት ላይ ትለግማለች። አለጋገሙ ግን ይለያል። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ራሱ ይታነቃል፣ ይንተፋተፋል። ቀስቱም መኪናዋን ተከትሎ ይወርዳል እንጂ ቀድሟት አይወድቅም። የጭስ ማውጫው ከታፈነም ጉልበት ይጠፋል፤ እሱ ግን ቀን በቀን እየባሰ የሚሄድ እንጂ ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የሚድን አይደለም። በጣም የሚመሳሰልሽ የነዳጅ ፔዳሉ ወይም የስሮትሉ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) ሴንሰር ነው፤ እነሱም አጥፍቶ ሲያስነሱት ለጊዜው ይለቃሉ። ግን ኮዳቸው ፒ 2135 ወይም ፒ 2138 ዓይነት ነው፣ የፍጥነት ቀስቱንም አይጥሉትም። ያንቺን የለየልኝ ወንድምሽ ነው። ቀስቱ ከመኪናዋ ቀድሞ ከወደቀ፣ ነገሩ ከፍጥነት ሲግናሉ ነው።

አሁን ለምን እንደምትለግም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚመርጠው በዋናነት ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ እግርሽ ምን ያህል እንደረገጠና መኪናዋ በምን ፍጥነት እንደምትሄድ። ያንቺ ዓይነቷ ፍጥነቱን የምታውቀው ካምቢዮው መውጫ ላይ በተተከለ ሴንሰር ነው፤ ፊቱ የሚያልፉትን ጥርሶች እየቆጠረ ይልካል። ቆጠራው በድንገት ሲቋረጥ ለኮምፒውተሩ መኪናዋ የቆመች ትመስለዋለች። ግን ደግሞ ሞተሩ ማርሽ ገብቶ፣ ጭነት ተሸክሞ 2640 ይዞራል። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ማርሹን አንዱ ላይ ይቆልፈዋል፤ እንደ መኪናው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሞተሩንም ጉልበት ይገድባሉ። ግጭ ያለሽ ያ ነው። ቁልፉን አጥፍተሽ ስታስነሺ ኮምፒውተሩ ከዜሮ መመርመር ይጀምራል፤ ሲግናሉ ከተመለሰ ይለቅሻል።

ፒ 0500 ደግሞ "ሴንሰሩ ሞቷል" ማለት አይደለም፤ "የፍጥነት ሲግናል አልደረሰኝም" ማለት ነው። በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ሽቦ አለ፣ ሶኬት አለ። ኮዱ ላይ የተጻፈውን ዕቃ ገዝቶ መግጠም ምርመራ አይባልም፤ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስናገር የሰማኝ የለም።

ሞተር ጉልበት ሲያወጣ መቀመጫው ላይ ይጋደማል፤ ዳገት ላይና ስትቀድሚ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ። ያኔ ጎማው ሲቀየር የሽቦው ማሰሪያ ካልተመለሰ ወይም ሽቦው ተወጥሮ ከታሰረ፣ ዳገት በወጣሽ ቁጥር ይጎተታል። ሴንሰሩ ሲቀየር ሶኬቱ ተነቀለ፣ ተገጠመ፣ ሽቦው ለጊዜው ተገጣጠመ፣ ዘጠኝ ቀን ሰጠሽ። ሳላይ አልምልም። ግን ካምቢዮውን ከማውረድሽ በፊት እዚያ ሽቦ ላይ አንድ ሰዓት አጥፊ።

እስክትሠሪያት ድረስ ፈጣን መንገድ አትውጪ፣ ሰውም አትቅደሚ። ብትለግም አራቱንም ፍሬቻ አብሪና ባላት ጉልበት ዳር አስይዣት። ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ ቁልፉን እንዳታጠፊ፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም እገዛ ጥቂት ከረገጥሽ በኋላ ያልቃል።

ቴስተር፦

ጋሼ ያሉት ላይ አለካኩን ልጨምር። እህቴ፣ ሶኬቱ ላይ ስንት ሽቦ አለ? ሁለት ከሆነ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔታዊ ነው፣ ሲግናሉን ራሱ ያመነጫል። ነቅለሽ ኦም (የመስመሩን ተቃውሞ) ትለኪያለሽ፤ ልኩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ መመሪያው ላይ ነው የሚታየው፣ ጨርሶ መስመር ካላሳየ ግን ውስጡ ተቆርጧል። ሦስት ከሆነ አንዱ የሚመግበው ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ፣ አንዱ ሲግናል ነው።

የዳገት ሾፌር፦

ሦስት ነው።

ቴስተር፦

ጥሩ፣ ይቀልሻል። ሶኬቱ እንደተሰካ ይሁን። ቁልፉን ክፈቺ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ዘንግ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ ፖዘቲቩ ላይ። እንደ መኪናዋ 5 ወይም ወደ 12 ቮልት የሚጠጋ ታገኛለሽ። ቁጥሩ ከረጋ በኋላ ወንድምሽ ሞተሩን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ ይወዝውዘው። ከዚያ ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ ስንዝር በስንዝር ጎተት፣ ጠምዘዝ አድርጊው። ቁጥሩ አንዴ እንኳ ከዘለለ እዚያው ቁሚ። ኔጌቲቩንም እንዲሁ ለኪ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ ደህና አይደለም።

ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ሲግናሉን እዪ። እጅ ፍሬን ያዢ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግጂ፣ ኒውትራል አድርጊ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሺና ጠንካራ መቆሚያ አስደግፊያት። ጎማውን በእጅ ስታዞሪ ቮልቱ ወደ ዜሮ ወርዶ ይመለሳል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። በክሪክ ብቻ ቆማ ግን ስሯ እንዳትገቢ።

ሴንሰሩን ካወጣሽው አይቀር ጫፉን ተመልከቺ። የብረት ብናኝ እንደ ጢም ተጣብቆበት ከሆነ ቆጠራው ይዛባል። ትንሽ ብናኝ ያለ ነው፤ የብረት ስባሪ ካለ ግን ያን ጊዜ ስለ ካምቢዮው እናወራለን።

ኩርባ ላይ፦

ሳልጠራ ገባሁ ይቅርታ። የኔም ትለግማለች፤ ግን የፍጥነት ቀስቷ ምንም አይሆንም። ቀለበት መንገድ ስዞር የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የመንሸራተት መከላከያው መብራቶች ይበራሉ፣ ያኔ ጉልበቷ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆረጣል። መንገዱ ደረቅ ነው። ይህም የካምቢዮው ሴንሰር ይሆን?

ቴስተር፦

አይደለም፤ ያንተ ጎማው ላይ ያለው ነው። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሴንሰር አለው። አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር ሲልክ ሲስተሙ "ጎማ እየተንሸራተተ ነው" ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። እንዲያውም ብዙ አዳዲስ መኪኖች የካምቢዮ ላይ የፍጥነት ሴንሰር የላቸውም፤ የቀስቱን ፍጥነት የሚያገኙት ከእነዚሁ ከጎማዎቹ ነው።

ኤቢኤስ የሚያነብ ስካነር አግኝና አራቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አድርገህ ቀጥ ባለ መንገድ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ስካነሩን የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። ደካማው ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያጋልጠው ልትቆም ስትል ነው፤ ሌሎቹ ገና 6 ወይም 7 ሲሉ እሱ ዜሮ ይላል። አንተ የምትቸገረው ስትዞር ስለሆነ ግን ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ጎማውን አንሥተህ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) ወዝውዘው። ክፍተት ካለው በመዞሪያ ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት ከሴንሰሩ ይርቃል። በቅርብ የተቀየረ ኩሽኔታ ነው?

ኩርባ ላይ፦

የኋላው ቀኝ ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ነው እንዴ... ሳስበው አዎ።

ቴስተር፦

እንግዲህ ከዚያ ጀምር። አንዳንዱ ኩሽኔታ ማግኔታዊው ቀለበት ጎኑ ላይ ነው፤ ሲገጠም በመዶሻ ከተመታ ቀለበቱ ይጎዳል።

የዳገት ሾፌር፦

አገኘነው! ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ቴስተር ይዘን ገባን። ፖዘቲቩ 11.9 አለ። ወንድሜ ሞተሩን ወዘወዘው፣ ምንም። ሁለተኛ ጠንከር አድርጎ ወደኋላ ሲገፋው ቁጥሩ 0 ሆነና ተመለሰ። ሽቦውን ስዳስስ ከሶኬቱ ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ልፍስፍስ ያለ ቦታ አለ። ላዩ ምንም አልሆነም፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ፕላስቲኩን ስንልጠው ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። ማሰሪያው ደግሞ ቦታው ላይ የለም፤ ጋሼ እንዳሉት ሽቦው ተወጥሮ በሌላ ብረት ላይ ዞሯል።

የተጎዳውን ቆርጠን በዚያው ውፍረት አዲስ ሽቦ ቀጠልን፣ በብየዳ። ልል አድርገን ከጭስ ማውጫው አርቀን አሰርነው። ከዚያ ያችን ዳገት እስኪሰለቸኝ ወጣኋት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ቀስቱም አልወደቀም፣ ኮዱም አልተመለሰም። የድሮውን ሴንሰርም ገጥመን ሞከርነው፤ ደህና ነበር። ያለ ኃጢአቱ ነው የተቀየረው።

ጋሼ፣ ካምቢዮውን ስላተረፉልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጋሼ ማርሽ፦

አሜን ልጄ። ብየዳው ላይ ሲሞቅ የሚጠበበውን ላስቲክ አልብሳችሁታል? ርጥበት ከገባበት ይዝጋል። ደግሞ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብየዳ ይደርቅና ይሰበራል፤ ቅጥሉን ከሁለቱም ወገን እንዳይወዛወዝ አድርጋችሁ እሰሩት።

የዳገት ሾፌር፦

ላስቲኩን አልብሰነዋል። ከአንድ ወገን ብቻ ነው ያሰርነው፤ ነገ እጨምራለሁ።

ፍሬቻ፦

እሺ፣ ፓምፑን ለቅቄያለሁ። ፊልትሮሽን ግን ቀይሪ።

ኩርባ ላይ፦

የኔን ዛሬ አየነው። ሦስቱ 7 ሲሉ የኋላው ቀኝ ዜሮ ይላል። ኩሽኔታው ነገ ይፈታል፤ የሆነውን እጽፋለሁ።