የጭራ ፕሮፔለር የሌለው ሄሊኮፕተር እንዴት አይሾርም?

በያጁ፣ ፒያሳ ጎንደር
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ በርና መስኮት እበይዳለሁ። ትናንት ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ በስልኩ ካ-50 የሚባለውን የሩሲያ ተዋጊ ሄሊኮፕተር አሳየኝ። ጭራው ላይ ያቺ ትንሿ ፕሮፔለር የለችም! ከላይ ግን ሁለት ተደራርበዋል። እኔ ደግሞ ድሮም «የጭራዋ ከሌለች እንደ እንዝርት ይሾራል» እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። 200 ብር ተወራረድን። ተበላሁ? ደግሞስ ያለ ጭራ ፕሮፔለር የሚሻል ከሆነ አሜሪካኖቹ ተዋጊ ሄሊኮፕተራቸውን አፓቼን ለምን ከነጭራው ሠሩት?

ዝም ብዬ አንባቢ
ተበልተሃል ወንድሜ፣ ክፈል 😂

ጡረተኛው ከአዘዞ
ልጄ፣ ብሩን ገና አትስጠው።

እኔ በደርግ ጊዜ የሚ-24 ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሞተር ቴክኒሺያን ነበርኩ። ካ-50ን በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ የሞተሩን ዘር ግን አውቀዋለሁ። ቴቪ3-117 ይባላል፣ እኛ ስንፈታና ስንገጥም የኖርነው እሱን ነው። ካ-50 ላይ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 2,200 የፈረስ ጉልበት አካባቢ።

አንተ ድሪል ትይዛለህ አይደል? ጫፉ ብረት ውስጥ ሲነክስ እጅህን ወዴት ነው የሚጠመዝዘው? ወደ ተቃራኒው። ሄሊኮፕተርም ያው ነው፤ ላይኛው ወደ ቀኝ ሲዞር አካሉ ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል። የጭራዋ ፕሮፔለር አካሉን በጎን ገፍታ ትይዘዋለች። የካ-50 ሠሪ ካሞቭ ግን አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ፕሮፔለር፣ ባለ ሦስት ሦስት ብሌድ (የፕሮፔለር ክንፍ)፣ በተቃራኒ አቅጣጫ አዞረ። የአንዱ ጥምዘዛ የሌላውን ይሽረዋል። አፍንጫውን ማዞር ሲፈልግ ፓይለቱ የአንዱን ብሌድ አየር በደንብ እንዲነክስ፣ የሌላውን እንዲያላላ ያደርጋል፤ ጥምዘዛው ሚዛኑን ይስታል፣ አካሉም ይዞራል፣ ከፍታው ግን አይነካም።

ትርፉ ምንድን ነው? የጭራ ፕሮፔለር ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህል ይበላል፣ ለማንሳት ግን አያግዝም። ከዚያ ደግሞ ረጅሙ ዘንግ አለ! በሚ-24 ከላይ ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ጭራው ጫፍ ይሄዳል፣ መሀል ላይ አንድ ማርሽ ቤት፣ ጫፉ ላይ ሌላ። አንዷ ኩሽኔታ ትሞቅና ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ መብራት ስትፈታ ታድራለህ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ግሪስ ረስቼ ጠዋት አለቃዬ ያወረደብኝን ስድብ ዛሬም አልረሳሁትም፣ ሰውዬው ግን ልክ ነበር። በጦርነት ደግሞ ያንን ዘንግ ጥይት ከቆረጠው አለቀ። ካ-50 ይህን ሁሉ የለውም፤ አካሉም ስለሚያጥር መርከብ ላይ ይመቻል። የካሞቭ ቤት ካ-25ንና ካ-27ን ለባሕር ኃይል የሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

መድፉን ልጨምርልህ፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። 30 ሚሊ ሜትር፣ 2ኤ42፣ ቢኤምፒ-2 ብረት ለበስ ላይ ያለው ራሱ ነው። አፓቼ መድፉን አገጩ ሥር ሰቅሎ ወዲያ ወዲህ ያዞረዋል። ካ-50 ግን በቀኝ ጎኑ፣ ከክብደቱ ማዕከል አጠገብ አስሮ በጥቂቱ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። ሄሊኮፕተሩ ራሱ ቶሎ ስለሚዞር አፍንጫውን ዒላማው ላይ ተክሎ በጎኑ እየበረረ ሊከበው ይችላል።

በያጁ፣ ፒያሳ ጎንደር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ድሪሏ ገባችኝ። ታዲያ ጉዱ የት ነው? ሁሉም ለምን አልሠራውም?

ጡረተኛው ከአዘዞ
ጉዱ ምሰሶው ውስጥ ነው። ከጭራ የቀነስከው ችግር በሙሉ ወደዚያ ይወጣል። ዘንግ በዘንግ ውስጥ ይዞራል፣ የላይኛውን ብሌድ ማዕዘን የሚያዝዘው ነገር የታችኛውን አልፎ መድረስ አለበት። ምሰሶው ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ በፍጥነት ሲበር ንፋስ ይይዛል። ብሌዶቹም በኃይል ሲታጠፉ ሊነካኩ ይችላሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ቦሪስ ቮሮቢዮቭ፣ ካ-50ን ከማንም በላይ ከሚያውቁት አንዱ፣ በልምምድ በረራ ላይ የላይኛውና የታችኛው ብሌድ ተጋጭተው ሞቱ።

እሳቸው መውጣት አልቻሉም እንጂ መውጫው አለ። ወንበሩ ኬ-37-800 ይባላል። ማንሻው ሲሳብ መጀመሪያ ብሌዶቹ በፈንጂ ተቆርጠው ይበራሉ፣ ከዚያ ፓይለቱን ሮኬት ጎትቶ ያወጣዋል። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሩን ቀልድ ነው ብለን እንስቅ ነበር።

ካ-50 ባለ አንድ ወንበር ነው። አንድ ሰው ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ ዒላማ እየፈለገ፣ ሚሳይል እየመራ፣ ለእኔ ከባድ ነው። ለዚህም ይመስለኛል በ1997 እ.ኤ.አ. የበረረው ካ-52 ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው፤ ግብፅም የገዛችው እሱን ነው። ካ-50 ግን ከሃያ በታች ብቻ ተሠርቶ ቀረ።

ቴዎድሮስ ግቢ
ጋሼ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልጨምር። አዘዞ ማረፊያው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 18 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እዚህ አገር ያቺ አንድ አሥረኛ ጉልበት ቀልድ አይደለችም። ካ-50 ከመሬት ርቆ አየር ላይ ባለበት ቆሞ መንሳፈፍ የሚችለው እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ነው የሚባለው፤ ጥሩ ነው፣ ራስ ዳሽን አናት ላይ ግን አይበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ የበረረችው የናሳ ትንሽ ሄሊኮፕተር ኢንጄኒዩቲም ሁለት ተደራራቢ ፕሮፔለር ነበራት።

በያጁ፣ ፒያሳ ጎንደር
የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፦ ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ?

ጡረተኛው ከአዘዞ
እንደ ማንኛውም ሄሊኮፕተር ከታች የሚመጣው አየር ብሌዶቹን እያዞረ ያወርደዋል። ግን ያን ጊዜ ጥምዘዛው ከሞተር ሳይሆን ከአየሩ ስለሚመጣ፣ ቅድም የነገርኩህ የማዞሪያ ዘዴ ይደክማል፣ አልፎም ወደ ተቃራኒው ይሠራል። ፔዳሉን ወደ ቀኝ ስትረግጥ ወደ ግራ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ካሞቭ ኋላ ላይ ትልቅ የቆመ ክንፍ ከነመሪው ገጠመለት። ጭራ አለው ልጄ፣ ፕሮፔለር ነው የሌለው። ሂድና ጓደኛህን 100 ብሩን አስቀንሰው።