«ትወና ነው» ላላችሁትም፣ ካሜራ ላበራችሁትም

ነርስ ከጅማ፦
ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረውን የጸበል ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት በሌላ ሰው ድምፅ፣ በዓረብኛ እየተቆጣች ትናገራለች። አጥማቂው በመቋሚያው ትከሻዋን እየነካ «ስምህ ማን ነው? ከየት ያዝካት?» ይላታል፤ ካሜራው ደግሞ ፊቷ ላይ ተተክሏል። እኔን ግን ከቪዲዮው እኩል ያናደደኝ እዚሁ ቡድን ውስጥ አንድ ሐኪም «ይህ ሁሉ ትወና ነው» ብለው ማለፋቸው ነው። መሸሽም መታገልም በማይቻልበት ጥቃት ውስጥ፣ በተለይም ጥቃቱ በልጅነት ከደረሰና ከተደጋገመ፣ አእምሮ ሥቃዩን ከዕለት ተዕለት ማንነት ነጥሎ ያስቀምጠዋል። የተነጠለው ነገር ከዓመታት በኋላ በአንድ ሽታ ወይም በአንድ የበር ድምፅ ተቀስቅሶ ሰውየውን ይወስደዋል። ይህን ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒየር ዣኔ ፓሪስ ውስጥ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በዝርዝር ጽፎታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ለዲሶሴቲቭ ሕመሞች፣ ማለትም ትዝታንና ማንነትን ለሚነጣጥሉት፣ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷቸዋል። ታዲያ ትወናው የቱ ጋ ነው?

ዶ/ር መ.፦
ያልኩትን አልሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከእነዚሁ ሕመሞች አንዱን፣ «ብዙ ማንነት» የሚለውን፣ በምርመራ መመሪያው ውስጥ ለብቻው ካስገባ በኋላ፣ ቀድሞ እጅግ ብርቅ የነበረው ምርመራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ አሸን ፈላ። ሕመምተኞችን በሂፕኖሲስ እያደነዘዙ «ሌላ ሰው ውስጥሽ አለ? ይውጣና ያናግረኝ» የሚሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ፈጽሞ ያልተፈጸመ ወንጀል «የታወሳቸው» ሰዎች ወላጆቻቸውን ከሰሱ፤ በኋላም ራሳቸው ሕመምተኞቹ ሐኪሞቻቸውን ፍርድ ቤት አቆሙ። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በሌላ ድምፅ የሚናገርን ሰው ሁሉ ወዲያው አምኖ መቀበል የለበትም።

ነርስ ከጅማ፦
ዶክተር፣ እርስዎ የተናገሩት ስለ ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርንም ነበር። የጻፉት ግን «ትወና» ብለው ነው። የሚተውን ሰው እየተወነ መሆኑን ያውቃል። እኔ የምከታተላት አንዲት ሴት የበረኪና ሽታ በአፍንጫዋ ሲገባ ትወድቃለች፤ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ጭንቅላቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ለረጅም ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትነቃም የት እንዳለች ትጠይቃለች። ለዓመታት «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ ፌኖባርቢታል ስትወስድ ኖራለች። በሚጥል በሽታ ጊዜ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት እንደሚሆን፣ መንቀጥቀጡም እንደ ደንቡ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያበቃ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በአንድ ምልክት ብቻ አይወሰንም፤ ሁለቱም ሕመሞች አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉና። ይህን የምታነቡ ቤተሰቦችም ክኒኑን በራሳችሁ ውሳኔ በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጡ አደራ፤ ማቋረጡ ራሱ እውነተኛውን መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ዲያቆን ዘእንጦጦ፦
እኅታችን፣ የተማረ ሰው ሁሉ ጸበልን ለመውቀስ ሲፈልግ የሚጀምረው ከቪዲዮ ነው። ያቺን ልጅ ከአውሮፕላን ስትወርድ ማን ተቀበላት? እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር፣ አእምሯቸው የታወከባቸውን ልጆች ዘመድ የት ወሰዳቸው? ጸበል ቦታ ጎኗን የምታሳርፍበት ጥግ ሰጥቷታል፤ የማታውቃቸው እናቶች ገላዋን አጥበው ቆሎና ዳቦ አካፍለዋታል። የእናንተ ሐኪም ቤት ከወረፋ በቀር ምን ሰጣት? አጥማቂው ስም የሚጠይቀውም ክፉው መንፈስ ራሱን እንዲገልጥ ነው፤ ይህ ትናንት የተፈጠረ ልማድ አይደለም።

ከቤይሩት የተመለሰች፦
እኔ ተጠይቄ ስለማውቅ ልናገር። ዲያቆን፣ እናቶቹን በተመለከተ ያልከው እውነት ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ዛሬ አልኖርም ነበር። ነገር ግን በሌሊት ብርድ፣ በሰው ፊት «ስምህን ተናገር» ሲሉኝ፣ የሚፈልጉትን እስካልሰጠኋቸው ድረስ እንደማይለቁኝ ገባኝና የማዳሜን ስም ተናገርኩ። ከዚያ በፊት የምሰማው ድምጿን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማዳም በውስጤ ስም አግኝታ፣ በፈለገች ሰዓት እየመጣች ታዝዘኝ ጀመር። ከተናገርኳቸው ነገሮች አብዛኞቹን አላስታውሳቸውም፤ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። «ትወና ነው» ለሚሉት ደግሞ፦ እኔ ያንን ሰዓት መርጬ አላውቅም።

ዶ/ር መ.፦
እኅቴ፣ ስለደረሰብሽ ነገር ከልቤ አዝናለሁ። ሆኖም የጻፍሽው የእኔን ሐሳብ የሚያጠናክር ነው፤ ጥያቄው ነው ማንነቱን የፈጠረው።

ነርስ ከጅማ፦
አይደለም ዶክተር፤ ጥያቄው ስም ሰጠው እንጂ ቁስሉን አልፈጠረውም። ድምፁ ከጥያቄው በፊት እንደነበረ ነግራናለች፤ እርስዎ ግን የሚመችዎትን ግማሽ ብቻ ወሰዱ። ስለ አሜሪካ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ሕክምናው መሪ ጥያቄን የሚከለክለው፣ ትዝታን በሂፕኖሲስ ማደንንም የሚያስጠነቅቀው በዚያ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉን ያውቁታል፦ በመጀመሪያ ደኅንነትና መረጋጋት፣ ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ ወደ ትዝታው መግባት፣ በመጨረሻም የተበታተነውን ሕይወት መልሶ ማያያዝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። በቪዲዮው ላይ የተደረገው ግን ከሁለተኛው ምዕራፍ መጀመር ነው፤ ያውም ያለ ፈቃዷና በሕዝብ ፊት። እኛ ሕመሙ ተነሥቶ ሕመምተኛዋን ሲወስዳት ስሟንም ታሪኳንም አንጠይቃትም። እግሯን መሬት ላይ እንድታሳርፍ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በእጇ እንድትይዝ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን ነገሮች እየቆጠረች እንድትነግረን እናደርጋለን፤ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና ያለችው ጅማ እንጂ ሪያድ እንዳልሆነ ቀስ ብለን እንነግራታለን። የእርሷ ቤተሰቦች ቡና ሲቆሉ ሽታው እንደሚመልሳት ደርሰውበታል፤ አሁን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ሕመሙን በቀጥታ የሚፈውስ ክኒን የለም። ክኒን የሚሰጠው አብረው ለሚመጡት ለድብርት፣ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ነው።

የጎንደር ልጅ፦
ሁላችሁም ዛርንና ይህንን ቀላቅላችሁ እንዳታልፉ እሰጋለሁ። አያቴ ባለዛር ነበሩ። ዕጣኑ ጨሶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ዛራቸው ይወርድና ያበቃል፤ በማግሥቱ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። የአሜሪካኖቹ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ዛርን በባህል ከተወሰኑ ክስተቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ በአካባቢው እንደ በሽታ እንደማይቆጠር አብሮ ጽፏል። አዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባም ቢሆን የመንፈስ መያዝን ሕመም የሚለው ያለ ፈቃድ ሲመጣ፣ ማኅበረሰቡ ከሚቀበለው ልማድ ሲወጣና ኑሮን ሲያናጋ ብቻ ነው።

ዲያቆን ዘእንጦጦ፦
አያትዎን ነፍስ ይማር፤ ዛር ግን ከመቼ ወዲህ ነው ምስጉን የሆነው? ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ሁለት ቃል የላትም።

የጎንደር ልጅ፦
አመስግኑት አላልኩም። አያቴን በሽተኛ አትበሉ ነው ያልኩት። ዲያቆን፣ እርስዎ አጋንንት ይሏቸዋል፣ ዶክተሩ ተዋናይ ይሏቸዋል፤ ሰማንያ ዓመት የኖሩትን ሴት አንዳችሁም አልጠየቃችሁም።

ከነታንያ፦
እዚህ እስራኤል ውስጥ ይኸው ክርክር ድሮ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል ስንመጣ በመንገድና በካምፖች ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ልጆቻቸውን በእጃቸው ቀብረው የመጡ እናቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሲወድቁና በሌላ ድምፅ ሲናገሩ የታዩ ነበሩ። ቋንቋውን የማያውቅ ሐኪም ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያፋታ የአእምሮ ሕመም) ነው ብሎ መድኃኒቱን ሲያዝ፣ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ዛር ነው ይሉ ነበር፤ የአገሩ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም በ1990ዎቹ ባህል ነው ወይስ ሕመም ብለው ጽፈውበታል። እኔ ለእናቴ አስተርጓሚ ሆኜ ስገባ ግን፣ ስለ መንገዱ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዶ/ር መ.፦
የሁላችሁንም አነበብኩ። ሲስተር፣ የምትዘረዝሪው ሕክምና ለአንድ ሕመምተኛ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ለዓመታት የሚጠይቅ ነው። በአገራችን የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ አንዱን ባለሙያ ስንት ሺህ ሰው እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ። ማከም የማንችለውን ስም ለሰዎች ማደል ምን ይጠቅማቸዋል?

ነርስ ከጅማ፦
ጥቅሙ ቢያንስ ያለ አግባብ ፌኖባርቢታልና የሳይኮሲስ መድኃኒት እንዳይውጡ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለመሥራት ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዲያቆን የጠቀሷቸው እናቶችም ጭምር ሊሠሩት ይችላሉ። «ትወና» የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አላነሡትም ዶክተር፤ እጠብቃለሁ።

ዲያቆን ዘእንጦጦ፦
እናቶቹን አሠለጥናለሁ የምትይ ከሆነ ነይና አነጋግሪያቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ካሜራው እንዲቀር እኔም ለአባቶች አቀርባለሁ። ስም መጠየቁን ግን አናቆምም።

ከቤይሩት የተመለሰች፦
እንግዲያው ለምን እንደማታቆሙት ለእኔ መልስልኝ፤ የጻፍኩትን አንብበሃል።