የጋራ ፕሮፖዛል፦ ለመግነጢስ ሲሙሌሽን የሚሆን ኮምፒውተር

ጸሐፊ፦ ረቂቁ አርብ ይገባል። ዓላማው ያው ነው፤ ስስ ፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ውስጥ መግነጢስነቱ እንዴት እንደሚገለበጥ በሲሙሌሽን ማየት። መጀመሪያ የኤንአይኤስቲን (የአሜሪካ የመለኪያና ደረጃ ተቋም) 4ኛ መፈተኛ እንሠራለን፤ መልሱ የታወቀ የሙከራ ጥያቄ ነው፤ 500 በ125 በ3 ናኖሜትር። ኩርባችን ከታተሙት ጋር ከገጠመ ወደ ራሳችን ናሙና እንሻገራለን። ማሽኑ ከመዋጮው ይገዛል።

የባሕር ዳር ተወካይ፦ ሴሉ፣ ናሙናው የሚከፋፈልበት ትንሹ ቁራጭ፣ ስንት ነው? 10 ናኖሜትር እንዳትሉኝ። የፐርማሎይ የኤክስቼንጅ ርዝመት፣ ጎረቤት መግነጢሶች ተያይዘው አንድ አቅጣጫ የሚይዙበት ርቀት፣ 5.7 አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፍን ሥዕሉ ያምራል፣ ፊዚክሱ ግን ውሸት ነው። አምና የቀረበውን አይታችኋል።

ጸሐፊ፦ 2.5።

ገንዘብ ያዥ፦ 200 በ50፣ ውፍረቱ አንድ ንብርብር። 10,000 ሴል! ይሄ እኮ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ኦምፍ፣ የሲሙሌሽን ፕሮግራሙ፣ በነጻ ነው፣ ግራፊክስ ካርድም አይጠይቅም። ብሩን ምን አስወጣን?

የጅማ ተወካይ፦ 4ኛው ማሟሟቂያ ነው። 1 ማይክሮን ኩብ በ4 ናኖሜትር ከፋፍለው፤ ከ15 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሴል ይወጣል። እያንዳንዱ ሴል የሌላው ሁሉ መስክ ያርፍበታል። ኤፍኤፍቲ (ስሌቱን የሚያፈጥን የሂሳብ ዘዴ) ቢያቀለውም ላፕቶፕህ አይችለውም። የቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሮግራም ሙማክስ3 ነው የሚያዋጣን፤ እሱ ደግሞ ያለ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አይነሳም። የግቤት ፋይሉን እኔ እጽፋለሁ፣ ዳምፒንጉን (የመግነጢሱን መወዛወዝ የሚያረግበውን ቁጥር) 0.02 አድርጌ። እሁድ ጠብቁኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። ቁልፉስ ማን ጋር ይሆናል?

ጸሐፊ፦ የምን ቁልፍ?

ገንዘብ ያዥ፦ የክፍሉ። ፕሪንተሩ የት እንደገባ እስካሁን የነገረኝ የለም።

የባሕር ዳር ተወካይ፦ እኛ ጋር ይቀመጥ። ክፍል አለ።

የአዳማ ተወካይ፦ ሁሌ እናንተ ጋር! መዋጮው የሁላችን፣ ዕቃው የእናንተ።

የሐዋሳ ተወካይ፦ ሰዎች፣ በኤስኤስኤች ነው የምንገባው፣ ከሩቅ በኔትወርክ። ማሽኑን በዓይኑ ማየት ያለበት ሰው የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን ያበራዋል? ኤስኤስኤች?

የባሕር ዳር ተወካይ፦ እኔ አበራዋለሁ አልኩ እኮ። ሌባ ነህ እያልከኝ ከሆነ በግልጽ ተናገር።

ገንዘብ ያዥ፦ ስም አልጠራሁም።

የአዳማ ተወካይ፦ ሁለት ቁልፍ ይሁን። አንዱ ሌላ ከተማ።

የሐዋሳ ተወካይ፦ ሌላ ከተማ ያለ ቁልፍ በር ይከፍታል?

ጸሐፊ፦ ተረጋጉ። መዝገብ ይኑር፣ የገባ ይፈርም። ባሕር ዳር ይቀመጥ።

የባሕር ዳር ተወካይ፦ ይሁን። ትንሽ ተናድጄ ነበር። ግን በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ልንገራችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለዚህ የብረት በር ይግባበት። ዩፒኤስም፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ። ሩጫው ሌሊት መሃል ከተቋረጠ ከዜሮ መጀመር ነው።

የሐዋሳ ተወካይ፦ በየተወሰነ ጊዜ ሁኔታውን ፋይል ላይ ካስቀመጥን ከዜሮ አንጀምርም። በሩን ተዉትና ካርዱን ግዙ።

ገንዘብ ያዥ፦ በር የሌለው ካርድ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ እሁድ አልፏል። ጅማ፣ ፋይሉ የት አለ?

ጸሐፊ፦ ጅማ?

የአዳማ ተወካይ፦ ስልኩም አይነሳም።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የብረት በር። ሁለተኛ፣ ዩፒኤስ። ሦስተኛ፣ በየራሳችን ላፕቶፕ የኦምፍ ሥልጠና። ካርዱ ብር ከተረፈ። የምትቃወሙ እስከ ሐሙስ።

የአዳማ ተወካይ፦ በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው ወደ ውስጥ?